የነርቭ ሐኪሟና የሐጂው አፍንጫ

ዶክተር ሔዋን ይትባረክ ወደ ሚዛን ተፈሪ ስትመለስ ከተማው ስለ እሷ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚያውቀው። አንደኛ፣ የሒሳብ መምህሩ የጋሽ ይትባረክ ልጅ ናት። ሁለተኛ፣ የነርቭ ሐኪም ናት። ጣጣው የመጣው ከሁለተኛው ነው። በእኛ ከተማ ነርቭ ማለት ቶሎ ቱግ የሚል ሰው በሽታ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ከክፍሏ ደጃፍ የተሰለፉት ባሎቻቸውን በእጅጌ እየጎተቱ ያመጡ ሚስቶች ነበሩ። አንዷማ፣ "ዶክተር፣ ነርቩን ማውጣት ባይቻል እንኳ ትንሽ አሳጥሪልኝ" ብላታለች።

እኔ አሞጽ እባላለሁ። በዚያው ሆስፒታል ሃያ ስድስት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። አፌን የፈታሁት በቤንችኛ ነው፣ የሸኮዎችም ቋንቋ አይጠፋኝም። ስለዚህ ለጥናቷ አስተርጓሚም መዝጋቢም እንድሆን ተመደብኩ። ልጅ ሆና ስለማውቃት "አንቱ" ስላት ተቆጣች። እኔ ደግሞ ያን ያህል የተማረችን ሐኪም "አንቺ" ማለት አልደፈርኩም። እንዲያው ስድስት ወር ሙሉ ግሱን ሳልጨርስ ነው ያወራኋት።

ጥናቷ እንቅስቃሴን በሚያዛቡ የአንጎል በሽታዎች ላይ ነበር፤ ዋናው ፓርኪንሰን የሚባለው ነው። ሰውን ቀስ በቀስ እጁን የሚያንቀጠቅጠው፣ እርምጃውን የሚያሳጥረው፣ ፊቱን እንደ ጭምብል የሚያደርቀው። አዲስ አበባ በሠራችባቸው ዐሥር ዓመታት ከእኛ አካባቢ የመጡላት በሽተኞች ሦስት ብቻ ነበሩ። አንድ አለቃዋ፣ "እንግዲያው በሽታው እዚያ የለም ማለት ነው" ሲላት፣ "በሽታው አለ፤ የሌለው መንገዱ ነው" ብላ ሻንጣዋን አስራ መጣች።

ሥራውን የጀመርነው ሸኮ ላይ ነው። ሰውየውን ጣቶቹን እንዲያጋጭ ታደርገዋለች፣ መዳፉን እንዲከፍትና እንዲዘጋ፣ ወዲያ ወዲህ እንዲራመድ። መጨረሻ ላይ ሽታ እንዲለይ ታደርገዋለች። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው እጁ ሳይንቀጠቀጥ ብዙ ዓመት ቀድሞ ሽታ ይጠፋበታል። ለዚህም ከውጭ የመጣ መመርመሪያ ነበራት፤ እስክሪብቶ የሚመስሉ ዐሥራ ሁለት ነገሮች፣ ክዳናቸው ሲከፈት እያንዳንዳቸው አንድ ሽታ የሚሰጡ።

በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሰባት ሰው ፈተንን። ሃያ ሦስቱ ወደቁ። አናናሱንም "ሻምፑ"፣ ጽጌረዳውንም "ሻምፑ"፣ ሌላውንም ሁሉ "ሻምፑ" አሉን። አንድ ሽማግሌ አንዱን እስክሪብቶ ደጋግመው ካሸተቱ በኋላ፣ "ይሄ ምንድን ነው?" አሏት።

"የአንድ ሥር ሽታ ነው፣ አባባ። ከረሜላ ይሠሩበታል።"

"የት ነው የሚበቅለው?"

"ፈረንጅ አገር።"

"ታዲያ እዚያው ያሽትቱት እንጂ!" አሉና ተነሥተው ሄዱ።

ዶክተር ሔዋን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መዝገቡን አገላበጠች። "ጋሽ አሞጽ፣ በዚህ ቁጥር ከሄድን መላው ሸኮ ታሟል።"

"ሸኮ አልታመመም፣ ዶክተር። እስክሪብቶው ነው አገሩን የማያውቀው።"

እንደ ነገሩ የተናገርኩት ነበር፤ እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝ። በማግስቱ ከመድኃኒት ቤት ዐሥራ ሁለት ትናንሽ ቡናማ ጠርሙሶች ገዛን። ውስጣቸው የተቆላ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅርንፉድ፣ ጤና አዳም፣ ማር፣ ሎሚ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የልብስ ሳሙናና ላምባ ጨመርን። እዚህ አገር ያደገ ሰው አይቶ ሳይሆን አሽትቶ የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው።

"አሁን ደግሞ ጤነኛ አፍንጫ ያስፈልገናል" አለች። "ጤነኛው ከዐሥራ ሁለቱ ስንቱን እንደሚለይ ካላወቅን የታመመውን በምን እናውቃለን?"

"በሚዛን አፍንጫ ከተባለ ሐጂ ዐብዱልጀባር ናቸው" አልኳት።

ሐጂ ዐብዱልጀባር ቤተሰባቸው ከጅማ ወገን የመጣ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከጆንያ አንድ ጭብጥ ቡና አውጥተው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉና፣ "ይሄ የቴፒ ቆላ ነው፤ ሁለት ቀን እርጥብ ጆንያ ውስጥ ቆይቷል" ይላሉ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ገዢዎች እሳቸው ሲያሸቱ ስልካቸውን ያጠፋሉ። ባለቤታቸው እትዬ ከድጁ ሁልጊዜ ፎጣ ይዘው ከኋላቸው ይቆማሉ። ፎጣው ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ጥያቄያችንን ሲሰሙ ሐጂ ደስ ያላቸው አልመሰለኝም፤ ግን እምቢ ቢሉ ስማቸው ነው። በረንዳቸው ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዶክተር ሔዋን የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከፍታ አስጠጋችላቸው።

"ኧረ ይሄ ዝናብ የብርቱካን ዛፋችንን ሊጨርሰው ነው!" አሉ እትዬ ከድጁ ከኋላ።

"ብርቱካን" አሉ ሐጂ።

ትክክል ነበር። ሁለተኛው ተከፈተ።

"አሞጽ፣ ሻይ ትጠጣለህ ወይ? በዝንጅብል ነው ያፈላሁት።"

"እሺ፣ እትዬ ከድጁ" ብዬ ስኒውን ተቀበልኩ፤ እኔ ጅሉ።

"ዝንጅብል" አሉ ሐጂ።

ሦስተኛው ላይ እትዬ ከድጁ ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ የጉልበት ሕመም በማር ይድናል ወይ ብለው ዶክተሯን ጠየቁ። ሐጂም ማር ነው አሉ። ዶክተር ሔዋን ሦስት የልክ ምልክት አደረገችና በትሕትና፣ "እትዬ ከድጁ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቢያመጡልኝ?" አለች።

እትዬ ከድጁ ባላቸውን አዩ፣ ዶክተሯን አዩ፣ እያመነቱ ገቡ። የሐጂ ፊት ምንም አልተለወጠም። ኋላ እንደገባኝ፣ የሐጂ ፊት ከተለወጠ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

አራተኛው ጠርሙስ ላምባ ነበር። እኔ ከሁለት ሜትር ርቀት አፍንጫዬን ያዝኩ። ሐጂ ግን ጠርሙሱን ተቀብለው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ።

"ማሻአላህ" አሉ ቀስ ብለው። "ንጹሕ ነው። ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር አለው፤ ጥሩ ምልክት ነው። መጨረሻው ላይ ትንሽ አበባ አበባ ይላል። ደጋ የበቀለ ነው።"

"ደረጃ ቢሰጡት፣ ሐጂ?"

"አንደኛ።"

ሻዩ ትን አለኝ። ዶክተር ሔዋን አልሳቀችም፤ እያንዳንዷን ቃል ጻፈች። አምስተኛው ነጭ ሽንኩርት ነበር። ሐጂ አሸተቱና፣ "ይሄም ከዚያው ማሳ ነው" አሉ።

ከዚያ ጠርሙሶቹን ከደነችና ወረቀት ሰጥታቸው አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ጠየቀቻቸው። ፊደላቸው በደህና ጀመረ፤ እያነሰ እያነሰ ሄዶ መስመሩ መጨረሻ ላይ የጉንዳን ሰልፍ ሆነ። ጣታቸውን ሲያጋጩ የግራው ቶሎ ደከመ። ግቢው ውስጥ ሲራመዱም ቀኝ እጃቸው ይወዛወዛል፣ ግራው ግን የተሸከሙት ነገር ያለ ይመስል ከጎናቸው ተጣብቆ ቀረ።

"ሐጂ" አለች፣ "ሽታ ከጠፋብዎት ስንት ጊዜ ሆነ?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነው።"

"የመቼ ጉንፋን?"

"የአራት ዓመት!" አሉ እትዬ ከድጁ ከበሩ። ውሃው በእጃቸው ነበር፤ ለካ ሁሉንም ቆመው ሲሰሙ ነው የቆዩት። "አራት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ የማሸትለት። ቡናው ደህና ከሆነ ፎጣዬ ውስጥ ሁለት ጊዜ እስላለሁ፣ ከተበላሸ አንድ ጊዜ። በእንቅልፉም ይዋጋል፤ ባለፈው ጅብ መጣ ብሎ በትራስ ሊገድለኝ ነበር! ንገሪው ዶክተር፣ እኔ ስነግረው አይሰማም።"

ዶክተር ሔዋን ወንበሯን አስጠግታ ነገረቻቸው። ስሙን፣ ምን እንደሆነ፣ ቁጣም እርግማንም ያላመጣው መሆኑን። "እንደ መኪና ያስቡት፣ ሐጂ። ሞተሩ አልወደቀም፤ ዘይቱ ነው እያነሰ ያለው። ዘይቱን የሚተካ እንክብል አለ። በሽታውን ነቅሎ አያወጣውም፤ ኑሮዎን ግን ያቀልልዎታል።"

ሐጂ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። "አፍንጫዬን ይመልስልኛል?"

"አፍንጫውን አይመልስም።"

"ታዲያ ምኑን ነው የሚመልሰው?"

"እጅዎን፣ እርምጃዎን፣ ፊትዎን።"

"እጄ መቼ ጠፋ?" ብለው ተነሡ። "ልጄ፣ አባትሽ የተከበሩ ሰው ናቸው። ውሃሽን ጠጥተሽ ሂጂ። አሞጽ፣ አንተ ደግሞ ይህን ነገር ለሰው ብታወራ..."

"ኧረ አላወራም፣ ሐጂ!" አልኩ። አላወራሁምም። አሁን የምናገረው እሳቸው ራሳቸው በየገበያው ስለሚናገሩት ነው። በዚያን ጊዜ ግን ሚስጥሩ እንዳያመልጠኝ በገበያው በኩል ማለፍ ትቼ ነበር። ዶክተር ሔዋንም አልተመቻትም። ሐኪም ሆና ሰውን በቤቱ በረንዳ ላይ እንዳዋረደች ነው የቆጠረችው። "ጠርሙሱን ይዤ መሄድ አልነበረብኝም። ሰውየው አፍንጫው ነው እንጀራው" እያለች ለሁለት ሳምንት አንገቷን ደፋች።

ከዚያ እትዬ ከድጁ ለዘመድ ሠርግ ወደ አጋሮ ሄዱ። በዚያው ሳምንት ሁለት ገዢዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ሐጂ "ቆዩኝ" ቢሉ ምክንያት ሊያቀርቡ ነው፤ ስለዚህ መጋዘናቸውን ከፈቱ። በመጋዘኑ ውስጥ የናፍጣ ጀሪካን ከሚያፈስበት መኪና የወረዱ ስድስት ጆንያዎች ነበሩ። ናፍጣው ከመንገድ ማዶ ይሸታል። ሐጂ ከአንዱ ጆንያ አንድ ጭብጥ አወጡ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ሳል ጠበቁ። ሳል የለም።

"አንደኛ" አሉ።

ገዢዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው ፈገግ አለ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ሐጂ! ዛሬ ደግሞ ቀልድ ጀመሩ!" ሁለተኛውም ተከተለ፤ የጉልበት ሠራተኞቹም፣ ሚዛን ያዡም፣ ሁሉም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሐጂም "ሃ ሃ" አሉ። ፊታቸው ግን አልሳቀም። ያን ቀን ያዳናቸው አላህ ነው፤ ሰዎቹ ቀልደኛ ናቸው ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል ስደርስ ከሰልፉ ውስጥ፣ ሚስቶቻቸው ጎትተው ካመጧቸው ሁለት ቁጡ ባሎች ኋላ፣ ሐጂ ዐብዱልጀባር ብቻቸውን ቆመዋል። ከፊታቸው ያለው ሰው ዞሮ፣ "እርስዎም ነርቭ ነዎት እንዴ፣ ሐጂ?" አላቸው።

"እኔስ ዋናው ነኝ" አሉት።

መድኃኒቱን ጀመሩ። መጀመሪያ አቅለሸለሻቸው፤ "ይህች ልጅ መርዝ ሰጠችኝ" ብለው አንድ ቀን አቋረጡ፤ እትዬ ከድጁ ከእንጀራ ጋር ጠቅልለው ሊያጎርሷቸው ሲሞክሩ ተይዘው ትልቅ ጠብ ሆነ። ዶክተር ሔዋን መጠኑን ቀንሳ ቀስ በቀስ አሳደገችላቸው። በሁለተኛው ወር የሸሚዛቸውን ቁልፍ በራሳቸው ቆለፉ። ለሁለት ዓመት እትዬ ከድጁ ነበሩ የሚቆልፉላቸው፤ ይህን ደግሞ ማንም አያውቅም ነበር። ግራ እጃቸው ሲራመዱ መወዛወዝ ጀመረ።

ለምርመራ ሲመጡ ዶክተር ሔዋን እትዬ ከድጁን፣ "ምን ለውጥ አዩባቸው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ፊቱ ተመልሷል" አሉ እትዬ ከድጁ። "አሁን ሲዋሽ ያስታውቅበታል።"

ሐጂ ሳቁ። እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ ጥርሳቸው ታየ፣ ዓይናቸው ጠበበ። እትዬ ከድጁ ያንን ፊት ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ዶክተር ሔዋንም ጠረጴዛዋ ላይ የሌለ ወረቀት ፈለገች።

አፍንጫው ግን አልተመለሰም። ሐጂ በየሳምንቱ ቡና እያሸተቱ ሞከሩ፤ ምንም። አንድ ቀን ታዲያ ነጋዴዎቹን ሁሉ መጋዘናቸው ሰበሰቡ። እኔንና ዶክተር ሔዋንንም ጠሩን። መሐል ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ወንድሞቼ፣ አንድ ነገር ደብቄያችሁ ነበር። እኔ ካሸተትኩ አራት ዓመቴ ነው። ፓርኪንሰን የሚባል በሽታ ነው፤ ሐኪሜ ይህችውና። ቡናውን ስታሸትላችሁ የኖረችው ከድጁ ናት። ከዛሬ ጀምሮ ወንበሩ የእሷ ነው። አውፍ በሉኝ።"

ሐጂ ቁጣ ሲጠብቁ፣ ናስረዲን የሚባለው ከቴፒ የሚመጣ ነጋዴ ራሱን አከከ።

"ሐጂ፣ እኛ እኮ እናውቅ ነበር።"

"ምን?"

"ሁላችንም እናውቃለን። 'እትዬ ከድጁ ዛሬ ስንት ጊዜ ሳሉ?' እያልን ነው የምንገዛው። ባለፈው ክረምት እውነተኛ ሳል ይዟቸው ገበያው አንድ ሳምንት ተዛባብን።"

ሐጂ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። እትዬ ከድጁ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። "ምን ታየኛለህ?" አሉ። "ጆንያ አምጣ።"

እዚህ ላይ ስለ ዶክተር ሔዋን ጥናት ልናገር። ጠርሙሶቻችን ሠሩ። ጤነኛ ሰው ከዐሥራ ሁለቱ ዐሥሩን ይለያል፤ ፓርኪንሰን ያለበት አምስት ከለየ ጎበዝ ነው። ጽሑፉን ወደ ውጭ መጽሔት ላከችው። ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ "ጥምዝ የሚባለው ምን እንደሆነና ሌላው ዓለም ከየት ሊያገኘው እንደሚችል ይብራራ" ብሎ ጻፈ። እሷም፣ "እዚያው ያሽትቱት እንዳንል" ብላ እየሳቀች ሁለት ገጽ ማብራሪያ መለሰች።

ሥራውን ያፈጠነው ግን ወንበራቸውን ያስረከቡት ሐጂ ናቸው። ሥራ ፈት መሆን ስላልቻሉ ከእኛ ጋር መኪና ላይ ወጡ። ገበያ መሐል ቆመው ስለ በሽታው ይሰብካሉ፣ ከዚያ ያገኙትን ሰው እጁን ይዘው ያመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ካመጡልን ዘጠኝ ሰዎች ስምንቱ ጤነኞች ነበሩ። አንዱ የተንቀጠቀጠው ብርድ መትቶት ነው። አንዱ ደግሞ የሚንቀጠቀጠው ሐጂ ስለያዙት ነው። ዘጠነኛው ግን እውነተኛ በሽተኛ ነበር፤ ዶክተር ሔዋን በዚያ አንድ ሰው ምክንያት ስምንቱን ይቅር አለቻቸው።

ሦስት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ገብተን፣ ሦስት ጊዜ ገፍተን እስከ ቱም ከተማ የደረስነው በዚያ ሁኔታ ነው። ሐጂ ከገበያው ጠፍተው ቆዩና እየሮጡ መጡ፤ አዎን፣ እየሮጡ። "አንዲት ሴትዮ አሉ፤ ፊታቸው የእኔ የድሮው ፊት ነው" አሉን።

እማማ ማናልሞሽ ይባላሉ። አባታቸው ድሮ ከሰሜን ወደ ማጂ ከመጡት ወገን ናቸው፤ እሳቸው ቱም ተድረው ቀሩ። ሦስት ዓመት ከአንድ ወንበር አልተነሡም። ልጃቸው ዓባይነህ እርጅና ነው ይላል፤ ጎረቤቱ ዓይነ ጥላ ነው ይላል። ሲናገሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ አይሰማም። ዶክተር ሔዋን ጆሮዋን አፋቸው ላይ አድርጋ ብዙ አዳመጠች። ምን እንዳሉ ስንጠይቃት፣ "አንዲት ሴትዮን እየሰደቡ ነው" አለች። መረመረቻቸው፣ መድኃኒቱን ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ለትሁት ሰጠች፣ አወሳሰዱን ሁለት ጊዜ አስደግማት ተመለስን።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ስንሄድ ወንበሩ ባዶ ነበር። ክፉ ነገር የደረሰ መስሎን ሁላችንም ደነገጥን። ከጓሮ ጩኸት ሰማን። እማማ ማናልሞሽ በበትር ተደግፈው አጥሩ ሥር ቆመዋል። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው እማማ አስካለች ናቸው።

"ያቺ ጥጃ ጎመኔን በልታዋለች!" ይላሉ እማማ ማናልሞሽ፣ ድምፃቸው እንደ ሰባራ ጥሩንባ እየወጣ። "ያን ጊዜውኑ ነግሬሻለሁ! በየቀኑ ነግሬሻለሁ!"

"ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ተናግረሽኝ አታውቂም!" ይላሉ እማማ አስካለች፣ በሁለት እጃቸው አጥሩን ይዘው፣ እንባቸው እየወረደ። "አኩርፈሽኝ ነው ብዬ መንገድ ቀይሬ ስሄድ ኖርኩ! ጥጃዋ ላም ሆና ወልዳለች እኮ፣ አንቺ ሴት!"

"ወለደች?"

"ሁለት!"

እማማ ማናልሞሽ ትንሽ አሰቡ። "እንግዲያው ወተት አምጪ" አሉ።

ዓባይነህ ሊደግፋቸው ሲሮጥ በበትራቸው አባረሩት። ዶክተር ሔዋን ሰዓቷን ይዛ እርምጃቸውን ልትቆጥር መጥታ ነበር፤ መዝገቡን ብብቷ ሥር ከታ ቆማ አየቻቸው። እኔም ያን ቀን፣ ሳላስበው፣ "አንቺ ልጅ፣ እስቲ ተቀመጪ" አልኳት። ተቀመጠች። ሁለቱ አሮጊቶች አጥሩን መሐል አድርገው ስለ ላሟ፣ ስለ ጎመኑ፣ በሦስቱ ዓመት ውስጥ ስለሞተና ስላገባ ሰው ሁሉ አወሩ። ወተቱም መጣ፤ ለእኛም ተረፈ። ሊጎበኙ የሚገባቸው ዐሥራ አንድ ቤቶች ቀርተውን ነበር። ሐጂ ዐብዱልጀባር ግን አልጠበቁንም፤ የሚቀጥለውን ቤት በር እያንኳኩ፣ "ቤቶች! እጁን የሚያንቀጠቅጠው ሰው አለ?" ሲሉ ድምፃቸው እስከ እኛ ይሰማ ነበር።